ላስቲክና ጨርቅ በአንድ ሞተር

ሰው በትልቅ ነገር ሲጣላ እምብዛም አላየሁም። በትልቁ ነገር ይስማማል፤ ባይስማማም ዝም ይላል። ስለ ሰማይ ስፋት፣ ስለ ሞት አይቀሬነት ወይም ስለ ኑሮ መወደድ ተከራክረው የተኮራረፉ ጎረቤታሞች የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። የእኛ ሰው የሚኮራረፈው በአሸንዳ ውኃ ነው። በልብስ ማስጫ ገመድ ነው። «በልጃቸው ሠርግ ላይ ከበሩ አጠገብ አስቀመጡኝ» በሚል ነው። በሰፈራችን ሁለት አዛውንት ነበሩ፤ ስንት ዘመንና ስንት መንግሥት አብረው አሳልፈው፣ አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና አንስተው፣ በመጨረሻ የተለያዩት በአንድ የዶሮ ቤት አቀማመጥ ነው። አንደኛው ሲሞቱ ሌላኛው ለቀብር መጡ፤ መጡ እንጂ ከድንኳኑ ውጭ ቆመው አለቀሱ። ዶሮዋ ከተበላች ቆይታለች።

ስለዚህ መርካቶ ውስጥ ሁለት የአንድ እናት ልጆች በፕላስተር ምክንያት ተኳርፈው ዓመታት ኖሩ ብዬ ብነግራችሁ ትስቁ ይሆናል እንጂ አትደነቁም። ፕላስተር ስል የቁስሉን አይደለም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦ የሚጠቀልልበትን፣ የድሮ መካኒኮች በጣልያንኛው ናስትሮ የሚሉትን ጥቁር ጥቅል ማለቴ ነው። እኔ በዚህ ጠብ መካከል የገባሁት ፈልጌ አይደለም። ሽታ ጎትቶ አስገብቶኝ ነው።

መኪና አለችኝ። የምን ሥሪት እንደሆነች አልናገርም፤ ሠሪዎቿ ቢሰሙ ይከፋቸዋል፤ ከእጃቸው ከወጣች ደግሞ ብዙ ዘመን ስለሆናት ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ወደ አማኑኤል የሚወስደውን ዳገት ስያያዝ፣ የተቃጠለ ፌስታል የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን መታው። መጀመሪያ የመንገዱ መስሎኝ መስኮቱን ዘጋሁ። ሽታው ባሰ። መስኮቱን ስዘጋ የሚብስ ሽታ የማን እንደሆነ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ቀጥሎ የፊት መብራቶቹ እንደ ሰካራም ዓይን ከፈት ከደን ማለት ጀመሩ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለወር ያህል አላየሁም አልሰማሁም ብዬ እነዳት ነበር። ችግሩ፣ ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ላሉት እናቷ ስልክ ደውላ «ለዓይንሽ ሕክምና እሱ ራሱ መጥቶ ይወስድሻል» ብላለች። ያገባችሁ ሁሉ ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ከውል በላይ ነው። ውል ይፈርሳል።

በነጋታው መኪናዋን ሙሄ ጋ ወሰድኳት። ሙሄ ከወሎ ከመጣ የቆየ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ጋራዡ አሮጌ ብረታ ብረት ከሚሸጥበት ከምን አለሽ ተራ ጀርባ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ጋር እየተፎካከረ ይጮኻል። ሹክ የሚልህ ነገር እንኳ ማዶ ይሰማል። ኮፈኑን ከፍቶ አንገቱን አስገባና «ያ ረቢ!» አለ። ሐኪም እንዲህ ሲል ሰምታችሁ ከሆነ ስሜቴ ይገባችኋል።

«ምን ሆነች?» አልኩት።

«ራቁቷን ናት! ሽቦዎቹ ልብስ የላቸውም!»

እውነቱን ነው። ከባትሪው ተነስቶ በሞተሩ ላይ የሚያልፈው፣ እንደ ክንድ የወፈረው የሽቦ እቅፍ መጠቅለያው በሙቀትና በዕድሜ ደርቆ፣ በጣት ሲነካ እንደ ገብስ ገለባ ይረግፋል። ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች እርስ በርስ እየተላላሱ አንዱ ሌላውን አቃጥሏል። ሙሄ የተጎዱትን ሊቀይራቸው፣ ከዚያም እቅፉን በሙሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ አዲስ ሊጠቀልለው ተስማማን።

«አንተ ፕላስተር ብቻ ይዘህልኝ ና» አለኝ።

«ምን ዓይነት?»

«ደህናውን።»

ደህናውን! በዚህች ቃል የተነሳ በመርካቶ ስንት ሰው እንደተንከራተተ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። ሻጩ ሁሉ የሚሸጠው ደህናውን ነው። መጥፎውን የሚሸጥ ሱቅ እኔ እስከዛሬ አላጋጠመኝም፤ ሁልጊዜ ከጎን ያለው ነው የሚሸጠው።

ከአትክልት ተራ በኩል ገብቼ፣ የቃሪያ ማዳበሪያ ከተሸከመ ሰው ጋር ሁለት ጊዜ ተጋጭቼና ሁለቴም እኔው ይቅርታ ጠይቄ፣ ገመድና ሙጫ፣ ሲባጎና ፕላስተር ወደሚሸጥበት መስመር ደረስኩ። እዚያ አንድ የነበረ፣ በኋላ በቢላ ለሁለት የተቆረጠ የሚመስል ሱቅ አለ። ከላይ ያለው ታፔላ አንድ ነው፤ የጽሑፉ መጀመሪያ ከግራው ሱቅ በላይ፣ መጨረሻው ከቀኙ ሱቅ በላይ ይነበባል። በመካከል የችፑድ ግድግዳ ቆሟል። ችፑዱ በሚያልቅበት ቦታ፣ በሩ ላይ፣ አንዲት ሻሽ ያሰሩ እናት በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ወንበሩ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አያደላም።

በግራ ገባሁ። ባለሱቁ ሸምሱ ይባላል፤ ዝምተኛ፣ ጺሙን በጥንቃቄ የሚያበጥር፣ ዕቃ ሲያቀርብ በሁለት እጁ የሚያቀርብ ሰው ነው። የመጣሁበትን ነገርኩት።

«ይኸውልዎ ጋሼ። ላስቲኩን ይውሰዱ» አለና አንድ የሚያብለጨልጭ ጥቅል አስቀመጠልኝ። «ይለጠጣል፣ ውኃ አያስገባም፣ ዘይት ቢነካው ጠረግ ነው።»

ይህን ከማለቱ ከችፑዱ በስተጀርባ አንድ ድምፅ ተነሳ። «ላስቲክ ለቤት ሽቦ ነው! ሞተር ላይ ሲግል እንደ ማር ይዝረከረካል!»

ለማን እንደተባለ አይታወቅም። ግድግዳው ነው የተናገረው። ሸምሱን አየሁት፤ ቀና አላለም።

«አሁን የሆነ ነገር ሰሙ እንዴ ጋሼ?» አለኝ ረጋ ብሎ።

«አዎ፣ ላስቲክ ይቀልጣል የሚል…»

«እኔ ምንም አልሰማሁም።»

ይሉኝታ ይዞኝ ላስቲኩን ገዛሁ። ወጥቼ መንገዴን ልቀጥል ስል ከቀኙ ሱቅ በር ላይ ቀጠን ያለ፣ ዓይኑ ፈጣን ሰው ጥቁር የጨርቅ ፕላስተር ይዞ ጠበቀኝ። ታናሽየው ነስሩ ነው።

«ጋሼ፣ መኪናዎን ይወዷታል?»

«እንደ ሁኔታው ነው።»

«እንግዲያው ይህን ይያዙ። ጨርቅ ነው። ሙቀት አይፈታውም፣ ሙጫው አይሸሽም፣ ሽቦው ከብረት ጋር ሲፋተግም ድምፅ አያሰማም።»

ከግራ በኩል ግድግዳው መለሰ። «ጨርቅ ዘይት ካገኘ የኩራዝ ክር ነው! ጠጥቶ ያብጣል!»

በሕይወቴ ሁለት ሰዎች እንዲህ ሲደማመጡ አይቼ አላውቅም። አንዱ ጀምሮ ሌላው ይጨርሳል። ባልና ሚስት እንኳ እንዲህ አይናበቡም። የጎደላቸው ነገር ቢኖር መነጋገር ብቻ ነው። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ «አይ» ማለት የሚከብደኝ ሰው ነኝና ጨርቁንም ገዛሁ።

እናትየው አዩኝ። እትዬ ሩቂያ ይባላሉ።

«ሁለቱንም ገዛህ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ሁሉም እንደዚሁ ነው። ገበያችን ደህና ነው አልሐምዱሊላህ።» በአገጫቸው ወደ ችፑዱ አመልክተው አከሉ። «ልጆቼ ናቸው ደህና ያልሆኑት።»

አጠገባቸው ካለው የገመድ ጥቅል ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ሩቂያ የነገሩኝ ይህ ነው። ባላቸው በሕይወት እያሉ ሱቁ አንድ ነበር። ከሞቱ በኋላም ወንድማማቾቹ አንድ ላይ ሲሠሩ ቆዩ። አንድ ቀን የላዳ ሾፌር መጥቶ የሞተር ፕላስተር ጠየቀ፤ ሸምሱ ላስቲኩን ሰጠው፤ ነስሩ ሰው በተሰበሰበበት «ይሄማ ለሞተር አይሆንም፣ ሰውዬውን አታታልለው እንጂ» አለ። ነገሩ ስለ ፕላስተር ነበር። «አታታልለው» የሚለው ቃል ግን ከፕላስተሩ ይበልጥ ተጣበቀ። ሸምሱ በዚያው ቀን ችፑድ አስመጣ።

«ባለፈው ኢድ ትልቁ በጠዋት መጣ፣ ትንሹ ከሰዓት» አሉኝ። «አንዱን ትሪ ሁለቴ አቀረብኩ። ሁለቴ የቀረበ ምግብ ደግሞ አይጣፍጥም።»

«አላህ ያስታርቃቸው» ብዬ ተነሳሁ። እኛ ለሰው ችግር ይህን ብለን መነሳት እናውቅበታለን።

ሙሄ ሁለቱን ጥቅሎች አገላብጦ አየና «አንዱ ብቻውን አይበቃም» አለ። «ላስቲኩ ግማሹን ያለብሳል፣ ጨርቁ ግማሹን። ቀላቅዬ እሠራዋለሁ።» የቱን የት እንደሚያደርግ አላማከረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እጁ ቀድሞ ያገኘውን አነሳ። ከጭስ መውጫው ቱቦ በኩል ያለውን ወገን ላስቲክ አለበሰው፤ በሞተሩ የላይ ክዳን ሥር የሚያልፈውን ደግሞ ጨርቅ። መጨረሻ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ሽቦ ሳይሸፈን ቀረና ተመልሼ ትንሽ እንዳመጣ ላከኝ።

ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። ከሁለቱ ሱቆች በየትኛውም መግባት ፈርቼ በቀጥታ እትዬ ሩቂያ ጋ ሄጄ፣ ሙሄ መኪናዬን ግማሽ ላስቲክ ግማሽ ጨርቅ እንዳደረጋት ነገርኳቸው። ሊስቁ ነው ብዬ ነበር። አልሳቁም። ከወንበራቸው ተነስተው ችፑዱን በመዳፋቸው ደበደቡት።

«ሁለታችሁም ስሙ! የዚህ ሰውዬ መኪና ሁለታችሁንም ለብሳለች። ረመዳን ሊገባ ነው። ለኢድ ዋዜማ ኮፈኗ እዚህ፣ በራችን ላይ ይከፈታል። የማን እንደተበላሸ ሰው ሁሉ ያያል። የተበላሸበት ተነስቶ ይቅርታ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ ፕላስተር የሚል ቃል ቤቴ አይገባም!»

መስመሩ ጸጥ አለ። በመርካቶ ጸጥታ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ የሚያውቅ ያውቀዋል።

«እሺ እማ» አለ ግራው።

«እሺ እማ» አለ ቀኙ።

ከዚያ ሸምሱ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ የእኔ በየት በኩል ነው ያለው?» ሲል ጠየቀኝ። ነገርኩት። «በጭስ መውጫው በኩል?» አለና ፊቱ ወረደ። «በእሳቱ በኩል?» ከወዲያ ነስሩ ሲስቅ ተሰማ፤ ወዲያው ግን ሳቁን ገታና «የኔስ?» አለኝ። ለእሱም ነገርኩት። እሱም ወደ ሱቁ ተመለሰ። የቀረችውን ስንዝር ምን ላድርጋት ብል እትዬ ሩቂያ ከማንኛቸውም እንዳልወስድ ከልክለው ሲባጎ ሰጡኝ። ገለልተኛ ሲባጎ።

እንግዲህ አስቡት። እኔ ከአማቴ ጋር መንገድ የምወጣ ሰው ነኝ፤ መኪናዬ ግን የሽምግልና ጉዳይ ሆናለች። ደብረ ብርሃን ስሄድ ምንም አልሆነችም። ስመለስ፣ አማቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው፣ ሸኖን እንዳለፍን ዳገቱ ላይ «የሆነ ላስቲክ ይሸታል» አሉ። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ አፍንጫቸው ገና ወጣት ነው።

«የመንገዱ ነው እማማ» አልኳቸው።

«መስኮቱ ዝግ ነው እኮ።»

ቆሜ ኮፈኑን ከፍቼ ማየት እችል ነበር። ግን ዳኛ ከዕለቱ በፊት መዝገብ አይከፍትም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር ብከፍተውና የማየውን ባየው፣ ከዚያ በኋላ የሸምሱን ፊት እንዴት እንደማየው ጨንቆኝ ነው። ቀስ እያልኩ ነዳሁ። አዲስ አበባ በሰላም ገባን፤ አማቴም ታክመው ከእኛ ጋር ሰነበቱ።

ረመዳን ገባ። በመርካቶ ባለፍኩ ቁጥር ከግራም ከቀኝም «እንዴት ናት ጋሼ?» እባላለሁ። ስለ እኔ ጤና የጠየቀኝ የለም። «ትሄዳለች» እላለሁ። «ትሄዳለች» የሚለው ቃል ለመኪናም፣ ለትዳርም፣ ለመሥሪያ ቤትም የሚሆን ጥሩ መልስ ነው፤ ማንንም አያስከፋም፣ ምንንም አይናገርም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ወደ መንገዱ ሳይ ሸምሱ ወደ ሰፈራችን ሲመጣ አየሁት። በጾም አፉ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ከመርካቶ አማኑኤል ድረስ በእግሩ መጥቷል። መኪናዬ አጠገብ ቆመ። ግራ ቀኙን አየ። መዳፉን ኮፈኑ ላይ አድርጎ፣ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባር ዳበሳት። ከዚያ ዝቅ ብሎ ከፊት ባለው ክፍተት አጮለቀ።

ሲያጮልቅ ከመኪናዋ ማዶ ሌላ ራስ ቀና አለ። ነስሩ ነው። ቀድሞ መጥቶ፣ በሌላኛው ጎን ተንበርክኮ፣ እሱም ሲያጮልቅ ነበር።

ሁለቱ ወንድማማቾች በእኔ መኪና ኮፈን ላይ ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። የሆነ ነገር የሚባባሉ መስሎኝ ጆሮዬን ጣልኩ። ሸምሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ነስሩ ጉልበቱን አራገፈ። ከዚያ ሸምሱ ወደ አንደኛው የእግረኛ መንገድ፣ ነስሩ ወደ ማዶው ተሻገሩና ወደ መርካቶ አቀኑ። አረማመዳቸው አንድ ነው። አንዱ ፈጠን ሲል ሌላው ፈጠን ይላል፤ አንዱ ሻይ ቤቱን ሲያልፍ ሌላው መስጊዱን ያልፋል፤ መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኔ ሸኘኋቸው። ሁለት ሰው ተራርቆ አብሮ ሲሄድ እንደዚያ ቀን አይቼ አላውቅም። ጠርቼ «ኑ ግቡ» ልላቸው አስቤ ነበር። ጾም ላይ ላለ ሰው ምን አቀርባለሁ ብዬ ተውኩት። እንዲህ ያለ ምክንያት ለማግኘት እኔ ችግር የለብኝም።

የኢድ ዋዜማ መርካቶ መርካቶን አይመስልም፤ ከመርካቶም ይብሳል። ሰው በሰው ላይ ነው። ሙሄ «እኔ የሠራሁትን እኔ ካልከፈትኩት» ብሎ ከጎኔ ተቀምጦ መጣ። ከሱቁ በር ላይ እስክንደርስ ያለው ነገር ባይወራ ይሻላል። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ተሸካሚዎች ሸክማቸውን አስቀምጠው፣ ገመድ ሻጮች ገመዳቸውን ትተው ከበቡን። አንድ ደላላ «ይቺ መኪና ልትሸጥ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው አየት አደረጋትና «ምን አለሽ ተራ በዚያ በኩል ነው» ብሎ አመለከተው።

እትዬ ሩቂያ መጡ። ሸምሱ ከግራ፣ ነስሩ ከቀኝ ወጡ። በእናታቸው ግራና ቀኝ ቆሙ፤ አይተያዩም። የሸምሱ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ እያደረገ ይመስለኛል። ለላስቲክ ዱዓ ሲደረግ ያን ቀን አየሁ። የነስሩም ጣቶች አላረፉም።

ሙሄ «ቢስሚላህ!» ብሎ እስከ ሲዳሞ ተራ እንዲሰማ አድርጎ ጮኸና ኮፈኑን አነሳው።

ላስቲኩ ቀልጧል። በጭስ መውጫው ዳር ያለው ክፍል ሙጫው ወደ ታች ወርዶ፣ ጠርዞቹ ተቀልብሰው፣ ሽቦው ላይ እንደ ዝርክርክ ልጅ ካልሲ ተንሸራቷል። ከሰዉ መካከል «ኧረ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሸምሱ ዓይኑን ጨፈነ።

ነስሩ ግን አልሳቀም። እሱ የሚያየው የራሱን ነው። ጨርቁ አልቀለጠም፤ በቦታው አለ። ግን ከላይኛው ክዳን ቀስ እያለ የሚወርደውን ዘይት ጠጥቶ፣ አብጦ፣ እርጥብ ሆኖ ያንጸባርቃል። ሙሄ በጣቱ ጫን ቢለው ጠብ አለ። ዘይቱ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሽቦዎቹ መገናኛ ገብቷል።

ተመልካቹ ማን እንዳሸነፈ አልገባውም። እኔም አልገባኝም። እትዬ ሩቂያ ሙሄን አዩት፤ ሙሄ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሁለቱም ተበላሽተዋል እትዬ» አለ።

ሸምሱ ዓይኑን ገልጦ ቀረብ አለ። ጎንበስ ብሎ ጨርቁን አየው፤ አሸተተው። ከዚያ፣ ወደ ማንም ሳይዞር፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ለወንድሙ በቀጥታ ያልተናገረው ሰው ተናገረ።

«ዘይት ነው?»

ነስሩ ጣቱን ጨርቁ ላይ አሳረፈ። «ዘይት ነው» አለ። «ከላይ ነው የሚወርደው። የክዳኑ ማሸጊያ ጓርኒሲዮን አልቋል።»

«ያንተ ጠጣው።»

«ያንተ ቀለጠ።»

«ቀለጠ» አለ ሸምሱ። ቀና አለ። ፊቱን ወደ ወንድሙ አዞረ። «አታላይ ግን አይደለሁም።»

ነስሩ የሚይዘው ነገር ፈልጎ የኮፈኑን ጠርዝ ጨበጠ። «አይደለህም» አለ። «አልነበርክም። አፌ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላየሁትም፤ ሰው ገፋኝ። ሸምሱ እጁን የነስሩ ትከሻ ላይ ሲያሳርፍ ብቻ አይቻለሁ። እትዬ ሩቂያ አላለቀሱም። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ወደ ሰማይ ቀና አሉና ወዲያው ወደ ምድር ተመለሱ።

«ጨረሳችሁ?»

«ጨረስን እማ» አሉ፤ ያን ጊዜ በአንድ ድምፅ።

«እንግዲያው ይሄ ሰውዬ መኪናውን ምን አድርጓት ነው እንዲህ የሆነችው?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እንደዚያ ያለ አንድነት ይታየኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። «ጋሼ፣ ይህን ዘይት አያዩትም ነበር?» አለ ሸምሱ። «ይህ እኮ ዛሬ የጀመረ አይደለም!» አለ ነስሩ። «እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ምን ፕላስተር ይቆማል?» «የማንስ ፕላስተር ይቆማል?» ሙሄም ከእነሱ ወግኖ «እኔም ነግሬው ነበር!» ብሎ ጮኸ፤ አልነገረኝም። ተመልካቹ በሙሉ በሐዘን ራሱን ነቀነቀብኝ። ወንድማማች የሚታረቀው የጋራ ጥፋተኛ ሲያገኝ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ጥፋተኛው እኔ መሆኔ ብዙም አልከፋኝም። ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ለአንድ ነገር መጥቀም አለበት።

ኢድ እለት ሁለቱም በአንድ ሰዓት መጥተው፣ ከአንድ ትሪ ጎርሰው ዋሉ ሲሉ እትዬ ሩቂያ ነገሩኝ፤ ለአማቴም የሚሆን ምግብ በሳህን ልከው ነበር። ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ዘይቱ ቆመ፣ ሽቦውም እንደገና ተጠቀለለ። ችፑዱም ብዙ ሳይቆይ ተነሳ፤ አሁን መደርደሪያ ሆኗል።

ሱቁ አንድ ሆኗል፤ እሰየው ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልገዛ ብዬ ብገባ፣ ሸምሱ «ነስሩን ላማክረው» ይላል፤ ነስሩ «ሸምሱ ይየው» ይላል፤ ሸምሱ አይቶ «አንተ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ይመልሰዋል። አንዱ ሌላውን እንዳያስቀይም ይጠነቀቃል። ረፋዱ ያልቃል። ያን ጊዜ ሲጣሉ ሁለት ጥቅል ይዤ እወጣ ነበር፤ አሁን ሲስማሙ አንድም ሳልይዝ እወጣለሁ።

እንዲቀየሙኝ አልፈልግም፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ ጎራ እያልኩ ሰላም እላቸዋለሁ። ፕላስተር የምገዛው ግን ከማዶ ሱቅ ነው።